የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም እሳት የያዘው ቦይለር

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለው የራትክሊፍ ኦን ሶር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ አቆመ። በብሪታኒያ ምድር በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ሌላ ማመንጫ አልቀረም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከቡድን ሰባት አገሮች መካከል የከሰል ኤሌክትሪክን ፈጽማ የተሰናበተች የመጀመሪያዋ አገር ብሪታኒያ ሆነች። ስለዚያ ቀን የተጻፈው ብዙ ነው። አብዛኛው ስለ አየር ንብረት፣ ጥቂቱ ሥራቸውን ስላጡ ሰዎች ያወራል።

እኔን የያዘኝ ግን በአራቱ ቦይለሮች ላይ ያለው የሠሪው ስም ነው። ራትክሊፍ እያንዳንዳቸው 500 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ክፍሎች ነበሩት፤ ለአራቱም ተርባይኖች እንፋሎት ያቀረቡት ቦይለሮች የባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ሥራ ናቸው። ወደ ኋላ 142 ዓመት እንሂድ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1882 የኤዲሰን ሰዎች በለንደን ሆልበርን ቫያደክት ላይ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል የመጀመሪያውን የከሰል ኤሌክትሪክ ጣቢያ አስነሱ። 93 ኪሎ ዋት ገደማ ጉልበት የነበረውን የእንፋሎት ሞተር ይመግብ የነበረው ቦይለርም የባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ነበር። በብሪታኒያ የከሰል ኤሌክትሪክን ዘመን የከፈተውም የዘጋውም ይኸው ስም ነው።

ይህን የማነሳው የአጋጣሚው ነገር ስለሚያስደንቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ በብሪታኒያ ፖለቲካ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማ አንድ ክስ አለ፦ የከባድ ኢንዱስትሪውን የገደለው የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ነው የሚል። ራትክሊፍ በተዘጋበት ዕለት በዌልስ ፖርት ታልቦት የመጨረሻው የብረት ማቅለጫ ምድጃ መጥፋቱ ለዚህ ክስ ጉልበት ጨምሮለታል። የቦይለር ሥራን ታሪክ ቀን በቀን ለተከተለ ሰው ግን ክሱ ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። ሙያው የሞተው በ2024 አይደለም፤ ከዚያ ወደ 40 ዓመት አስቀድሞ፣ ትዕዛዝ ሲደርቅ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ቦይለር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የሆቴል ሻወር ማሞቂያ ነው። በእኛ አገር ስኳር ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ግን ትልቁን ያውቀዋል፤ ተጨምቆ የተረፈው አገዳ እየነደደ እንፋሎት የሚሆንበትን ክፍል። ነገሩ ሁሉ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ከተዘጋና ግፊቱ ከተለመደው የአየር ግፊት 10 እጥፍ ከደረሰ ግን እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የዚያ ዕቃ ብረት በድንገት ቢቀደድስ? ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ በ180 ዲግሪ ያለ ውኃ ደግሞ በተለመደው ግፊት ውኃ ሆኖ መቆየት አይችልም። ከፊሉ እዚያው እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,600 ሊትር ቦታ ይፈልጋል። ቤት የሚያፈርሰው ይህ ነው፤ ጥፋቱን የሚያመጣው አስቀድሞ ከላይ የተጠራቀመው እንፋሎት ብቻ ሳይሆን ከሥር የተከማቸው ትኩስ ውኃም ጭምር ነው።

የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች የተቀመጡት እንዲህ ባለ ዕቃ አጠገብ ነበር። በ1844 ዊልያም ፌርቤርንና ጆን ሄዘሪንግተን የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት የላንካሻየር ቦይለር ትልቅ የብረት በርሜል ሆኖ በውስጡ ሁለት የእሳት ቱቦዎች ያልፉበታል፤ በዙሪያቸው በቶን የሚቆጠር ውኃ አለ። የማንችስተር ጥጥ ፋብሪካዎች በዚህ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት ሰዎች ሞተዋል። ራሱ ፌርቤርን በ1850ዎቹ ቦይለሮችን እየዞረ የሚመረምር ማኅበር በማንችስተር እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ነበር። ፓርላማው እያንዳንዱ የቦይለር ፍንዳታ እንዲጣራ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣው በ1882 ነው፤ ሆልበርን መብራት ባበራበት በዚያው ዓመት።

በርሜሉ ሌላም ችግር ነበረው። ወገቡ በሰፋ ቁጥር ብረቱም መወፈር አለበት፤ ለተመሳሳይ ግፊት ስፋቱን እጥፍ ካደረግህ የብረቱ ውፍረትም እጥፍ ይሆናል። በጣም የወፈረ ብረት ደግሞ ለመጠቅለልና ለመግጠም ያስቸግራል፤ አንዱ ፊቱ እሳት ሌላው ፊቱ ውኃ ሲሆንም ይጨናነቃል። ስለዚህ በርሜል ቦይለር ከፍተኛ ግፊት ላይ መድረስ አይችልም ነበር።

እስቲቨን ዊልኮክስ የሚባል የሮድ አይላንድ አሜሪካዊ ነገሩን ገለበጠው። እሳቱ በውጭ ይሁን፣ ውኃው በቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይሁን አለ። በ1856 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1867 ደግሞ ከጆርጅ ባብኮክ ጋር ሆኖ ኩባንያውን በፕሮቪደንስ ከተማ መሠረተ። ቧንቧዎቹ ዘንበል ብለው ይደረደራሉ። የሞቀው ውኃና እንፋሎቱ ቀሎ ወደ ላይኛው ከበሮ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለው ከብዶ በሌላው በኩል ይወርዳል። ፓምፕ የለም፤ ውኃው በገዛ ክብደቱ ይዞራል። አንድ ቧንቧ ሊፈነዳ ይችላል፣ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰውም ሊጎዳ ይችላል፤ ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ጥቂት ነውና ፋብሪካውን ከነሠራተኛው አያጠፋም።

የኩባንያው ታሪክ ሲነገር ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በቶሎ ይታለፋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። የሰው ሕይወት ለማትረፍ የተፈለሰፈው ነገር የኢኮኖሚ በር ከፈተ። ቀጭን ቧንቧ በስስ ብረት ከፍተኛ ግፊት ይሸከማል። ግፊቱና ሙቀቱ ከፍ ሲል ከአንድ ቶን ከሰል የሚገኘው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ከሆልበርን እስከ ራትክሊፍ ያለው መንገድ ይኸው ነው፤ በራትክሊፍ ዘመን እንፋሎቱ ከ150 ባር (ከተለመደው የአየር ግፊት 150 እጥፍ ገደማ) በላይ ግፊትና ከ560 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ላይ ደርሶ ነበር። በርሜል ላይ ቆመን ቢሆን ኖሮ ርካሽ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።

አሜሪካውያኑ በ1881 ግላስጎው ላይ ቢሮ ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹን የስኮትላንድ ቦይለሮች የሠሩት በክላይድባንክ በነበረው የሲንጀር ፋብሪካ ቅጥር ውስጥ ነው፤ አዎ፣ እናቶቻችን በሚያውቋት የልብስ ስፌት መኪና በሲንጀር ቤት። በ1891 ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ሊሚትድ የሚባል ራሱን የቻለ የብሪታኒያ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከሰሜን አሜሪካና ከኩባ በቀር መላውን ዓለም ገበያው እንዲያደርግ መብት ተሰጠው። እንግዲህ እናቲቱ ለልጇ ከራሷ የሰፋ ርስት ሰጠች ማለት ነው። በ1895 በክላይድ ወንዝ ዳር፣ ሬንፍሩ ላይ፣ የራሱን ትልቅ ፋብሪካ ከፈተ። ሰር ጆን ዲውራንስ ከ1899 እስከ 1937 በሊቀመንበርነት መሩት። ጀርመን ውስጥም በ1898 ቅርንጫፍ ተተከለ፤ እርሱ ኋላ የራሱን መንገድ ሄዶ በ2002 ከሰረ።

የባሕር ኃይሉም ደንበኛ ሆነ። በክፍለ ዘመኑ መግቢያ ላይ የብሪታኒያ መርከቦች የፈረንሳዩን የቤልቪል ቦይለር ተሸክመው ችግር በችግር ላይ ሆኑ፤ ጉዳዩ ጋዜጣና ፓርላማ ድረስ ደርሶ በ1900 አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ። ከኮሚቴው በኋላ ከተመረጡት ዓይነቶች አንዱ የባብኮክ ነው። በ1906 ባሕር ላይ የወረደችው፣ ከእርሷ በፊት የነበሩትን የጦር መርከቦች ሁሉ በአንድ ቀን ያስረጀችው ድሬድኖት 18 የባብኮክ ቦይለሮች ነበሯት።

ኑክሌር ሲመጣስ? ብዙ ሰው ሪአክተር ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ይመስለዋል። ሪአክተር የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ ያም ሙቀት ውኃ አፍልቶ ተርባይን ማዞር አለበት። ምድጃው ተለወጠ እንጂ ቦይለሩ ቀረ ማለት አይደለም። በ1956 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቀው በከፈቱት በኮልደር ሆል የኑክሌር ጣቢያ ሙቀቱን ከሪአክተሩ ጋዝ ተቀብለው እንፋሎት የሚያደርጉትን ግዙፍ ማማዎች ባብኮክ ሠራ። ቀጥሎም ከእንግሊሽ ኤሌክትሪክና ከቴይለር ውድሮው ኩባንያዎች ጋር ተባብሮ ሂንክሊ ፖይንት «ኤ»ን፣ ሳይዝዌል «ኤ»ን እና በዌልስ አንግልሲ ደሴት ላይ ያለውን ዊልፋን የተባሉትን የኑክሌር ጣቢያዎች ገነባ።

በ1960ዎቹ የመንግሥቱ ማዕከላዊ የኤሌክትሪክ ቦርድ 500 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ክፍሎችን በገፍ ያዝዝ ነበር። እዚህ ላይ የሙያውን ጥልቀት ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የጠፋው ነገር ሕንጻ ሳይሆን ዕውቀት ነው። ይህን የሚያህል ቦይለር እንደ ቤት ከመሬት ተነሥቶ አይገነባም፤ ከላይ ከብረት ማገር ላይ ይንጠለጠላል። ሲሞቅ ይለጠጣልና ወደ ታች እንደ ልቡ እንዲወርድ ከሥሩ ክፍት ቦታ ይተውለታል፤ የሚወርደው ርዝመት በሚሊሜትር ሳይሆን በሳንቲሜትር የሚቆጠር ነው። የምድጃው ግድግዳ ጡብ አይደለም፤ ጎን ለጎን የተበየዱ ውኃ ያለባቸው ቧንቧዎች ናቸው። በአንድ ቦይለር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ብየዳዎች አሉ። በሺዎች ከሚቆጠሩት አንዱ ቢከዳ ቧንቧው ይተነፍሳል፣ የሚተነፍሰው እንፋሎትም አጠገቡ ያለውን ቧንቧ ይበላዋል፤ 500 ሜጋ ዋቱ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ብየዳዎች በኤክስሬይ ይታያሉ።

እንዲህ ያለ በያጅ በአንድ ዓመት ኮርስ አይወጣም። በያጁ እጁን የሚያስገባበት ቦታ በሌለው ጠባብ ሥፍራ፣ ቧንቧውን በመስታወት እያየ፣ አንዳንዴ በግራ እጁ የሚበይድበት ጊዜ አለ። ይህን የሚማረው ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆሞ፣ እውነተኛ ሥራ ላይ ነው። እውነተኛ ሥራ ከሌለ ትምህርቱም የለም። ሥዕሉ በመዝገብ ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ እጁ ግን በመዝገብ ቤት አይቀመጥም።

አሁን ወደ ዓመታቱ ልመለስ። ብሪታኒያ ውስጥ የተሠራ የመጨረሻው ትልቅ የከሰል ማመንጫ በዮርክሻየር ያለው ድራክስ ነው። ስድስት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው 660 ሜጋ ዋት፤ ቦይለሮቹ የባብኮክ። የመጀመሪያው አጋማሽ በ1970ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1986 ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአንዱ ማመንጫ ወደ ሌላው ሲዛወር የኖረ ሙያተኛ ከ1986 በኋላ አገሩ ውስጥ የሚሄድበት አዲስ ትልቅ የከሰል ቦይለር አልነበረውም።

ለምን? ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የኤሌክትሪክ ፍላጎት እንደተገመተው አላደገም፤ አስቀድሞ የታዘዙት ማመንጫዎች ከሚያስፈልገው በላይ ሆኑ። በ1990 ማዕከላዊው ቦርድ ፈርሶ ዘርፉ ወደ ግል ተዛወረ። ከዚያ ቀድሞ የአውሮፓ ማኅበረሰብ የተፈጥሮ ጋዝ ለኤሌክትሪክ እንዳይነድ ይገድብ ነበር፤ በ1991 ያ ገደብ ተነሣ። የሰሜን ባሕር ጋዝ ቅርብ ነበር። የጋዝ ተርባይን ማመንጫ በአጭር ጊዜ ይቆማል፣ የሚጠይቀው መነሻ ገንዘብም ያንሳል፤ ገንዘቡን ቶሎ ማግኘት የሚፈልግ የግል ባለሀብት ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረውም። እንዲህ ያለው ማመንጫም የእንፋሎት ክፍል አለው፤ ቢሆንም 50 ሜትር ከፍታ ያለው የከሰል ምድጃ አይፈልግም። በዚያን ጊዜ ስለ ካርቦን ዋጋ የሚያወራ ሕግ አልነበረም። የቦይለር ፋብሪካውን ባዶ ያደረገው የገበያው አሠራርና የመንግሥት ምርጫ ነው።

ኩባንያው ይህን አስቀድሞ ያየ ይመስለኛል። በ1979 ስሙን ባብኮክ ኢንተርናሽናል ብሎ ለወጠ። በ1987 ኤፍኬአይ ከሚባል ኩባንያ ጋር ተዋህዶ በ1989 ተለያየ። በዚያው በ1987 ግን በስኮትላንድ ያለውን የሮዛይዝ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ለማስተዳደር ኮንትራት አገኘ፤ ትርጉም ያለው እርምጃ ይህ ነው። በ1995 የሬንፍሩን የኢነርጂ ሥራ ሦስት አራተኛ ለጃፓኑ ሚትሱይ ሸጠ። በ1997 ሮዛይዝን ገዛ፤ በ2007 የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የሚታደሱበትን ዴቨንፖርትን ጨመረ። ዛሬ ለንደን አክሲዮን ገበያ ላይ ባብኮክ ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት መርከብና ሰርጓጅ የሚጠግን፣ በ2019 የታዘዙትን «ዓይነት 31» የሚባሉ አምስት ፍሪጌት የጦር መርከቦች ሮዛይዝ ላይ የሚሠራ የመከላከያ ኩባንያ ነው። ስሙ ዳነ፤ ለስሙ ምክንያት የሆነው ሥራ ግን በሌላ እጅ ገባ።

ሬንፍሩስ? ከሚትሱይ ወደ ኮሪያው ዱሳን በ2006 ተላለፈ፣ ከዱሳን ወደ ፈረንሳዩ አልትራድ በ2022። በእነዚህ ሦስት ሽያጮች ውስጥ በጣም የሚያስተምረው የዱሳኑ ነው። ኮሪያውያኑ የብሪታኒያን ገበያ ፈልገው አልመጡም፤ እዚያ አዲስ ትልቅ የከሰል ቦይለር የሚገዛ አልነበረም። የገዙት የቦይለሩን ንድፍና ከንድፉ ጀርባ ያለውን የመቶ ዓመት ልምድ ነው። በሌላ ሰው ፈቃድ መሥራት ትተው በራሳቸው ዲዛይን ዓለም ገበያ ላይ መወዳደር ፈልገው ነበር። ለአንድ አገር ያበቃለት ዕቃ የመሰለው ለሌላው የመነሻ ካፒታል ሆነ። ስለዚህ «ሙያው መሞቱ አይቀሬ ነበር» የሚሉትንም አልቀበልም። ከ1986 በኋላ በዓለም ላይ ቦይለር በብዛት ተሠርቷል፤ ዛሬ አብዛኛውን የሚሠሩት የሃርቢን፣ የሻንጋይና የዶንግፋንግ የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው።

የአየር ንብረት ፖሊሲው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካርቦን በሚለቁ ማመንጫዎች ላይ የሚጣለው፣ የካርቦን ዝቅተኛ ዋጋ የሚባለው ግብር በ2013 ተጀመረ። በ2012 ከሰል ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን የብሪታኒያ ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር። በ2015 መንግሥት ከሰልን በ2025 እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ኋላ ወደ ኦክቶበር 2024 አሳጠረው። ኤፕሪል 21 ቀን 2017 ከ1882 ወዲህ ከሰል ሳይነድ ያለፈ የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ሆነ። የመጨረሻው የከሰል ባቡር በጁን 2024 ወደ ራትክሊፍ ሲገባ 1,650 ቶን ይዞ ነበር። ይህ ሁሉ ድራክስ ከተጠናቀቀ ከ27 ዓመት በኋላ የጀመረ ታሪክ ነው። ፖሊሲው ያረጁ ቦይለሮችን ሥራ አስቁሟል፤ አዲስ የሚሠራ ፋብሪካ ግን አልዘጋም፤ የሚዘጋው ፋብሪካ አልቆየውም። ከሰሉን ማቆም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሙያውን በግዴለሽነት መበተን ግን ሌላ ውሳኔ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚከስ ሰው እውነተኛውን ተጠያቂ ያስመልጣል።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለታሪክ ፍርድ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2023 ሂንክሊ ፖይንት ሲ ለተባለው አዲሱ ኑክሌር ጣቢያ የመጀመሪያው የሪአክተር ጋን ደረሰ፤ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በዚያው ቅጥር ውስጥ በ1965 የተነሣውን ሂንክሊ «ኤ»ን ገንብተው ያስረከቡት የአገሩ ኩባንያዎች ነበሩ። በ2021 የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር ለኑክሌር ሰርጓጅ የሚሆን ትልልቅ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሼፊልድ ፎርጅማስተርስን ገዝቶ የመንግሥት አደረገው፤ ካልገዛው ሌላ የሚሠራለት አልነበረም። በኖቬምበር 2025 ደግሞ መንግሥት የሮልስ ሮይስ ትንንሽ ሪአክተሮች የመጀመሪያ ቦታ ዊልፋ እንደሚሆን አስታወቀ፤ ለመነሻ ሦስት ሪአክተሮች። በአንግልሲ ያው ዊልፋ፣ ባብኮክ ከአጋሮቹ ጋር ገንብቶት ከ1971 እስከ 2015 የሠራው።

የትንንሽ ሪአክተሮቹ ሐሳብ አንድ ዓይነት ዕቃ በፋብሪካ ደጋግሞ መሥራት ነው። የቦርዱ የ500 ሜጋ ዋት ዘመን ያስተማረውም ይህንኑ ነበር፤ ራትክሊፍ ላይ የተማረ እጅ ድራክስ ላይ ሠራ። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ከአንዱ ቀጥሎ ሌላ ትዕዛዝ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሦስት ሪአክተር ግን ጥቂት ነው። ከሦስቱ በኋላ ያለው ትዕዛዝ ዛሬውኑ ካልታወቀ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ለዚህ ብየዳ ዓመታቱን የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም፤ ፋብሪካ የሚተክልም ባለሀብት እንዲሁ።

ድራክስ ላይ ደግሞ ከስድስቱ የባብኮክ ቦይለሮች አራቱ አሁንም ይነድዳሉ። የሚያነዱት ከሰል ሳይሆን በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ ደን የሆነ የእንጨት እንክብል ነው። ይህ ንጹሕ ኃይል ይባል አይባል የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም፤ መንግሥት ድጎማውን በተለወጠ መልክ እስከ 2031 ለማራዘም በ2025 ተስማምቷል። ቧንቧዎቹ ግን ከሰል ይሁን እንጨት ይበላሉ፣ ይሳሳሉ፣ ይቀየራሉ። በየጥገናው ወቅት አንድ ሰው በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ገብቶ፣ መስታወቱን አስደግፎ፣ በግማሽ ክፍለ ዘመን ዕድሜ ብረት ላይ አዲስ ቧንቧ ይበይዳል።